ከወልድያ እስከ መርሳ፤ የቋንጃ ሕመምና የቢስክሌት መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚወስደው ታላቁ ጐዳና፥ ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ ወደ ሐብሩ ምድር ከገባ በኋላ የመርሳን ከተማ ያገኛል፤ ከመርሳም ሠላሳ ኪሎሜትር ያህል ወደ ሰሜን እንደ ሄደ ወልድያ ይደርሳል። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል፥ መርሳ ደግሞ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላቸው፥ ከወልድያ ወደ መርሳ የሚሄድ መንገደኛ ምንም እንኳ በመካከሉ ዐቀበትና ቁልቁለት ቢፈራረቅበት በጠቅላላው አምስት መቶ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ የሚመለሰውም ይህንኑ ያህል ይወጣል። በመኪና ለሚሄድ ሰው ይህ ልዩነት የልብስ ጉዳይ ብቻ ነው፤ በወልድያ የተከናነበውን ጋቢ በመርሳ አጥፎ ያስቀምጠዋል። በቢስክሌት ለሚሄድ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እያንዳንዱን ሜትር በጭኑ ይቈጥረዋል።

አገሩ የጁ ነው። ከዚህ አገር የተነሡት መሳፍንት በጐንደር ነገሥታት ስም አገር ሲያስተዳድሩ ቈይተው፥ በ1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊ በአይሻል ጦርነት በደጃዝማች ካሣ እስኪሸነፉ ድረስ ስማቸው ከፍ ብሎ እንደ ነበረ ክቡራን አንባቢያን የምታውቁት ነው። ከዚያም በኋላ የእቴጌ ጣይቱ ወንድም ራስ ወሌ ብጡል የጁን ገዝተዋል። እነርሱ በበቅሎና በፈረስ የሄዱበትን አገር ዛሬ የአስፋልት መንገድ ያቋርጠዋል፤ መንገዱንም ለመኪና እንዲመች አድርጎ ያሻሻለው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረራ ይዞ የነበረው የጣልያን መንግሥት ነው።

ከወልድያ ወደ መርሳ ሲወርዱ ተራራው በስተ ቀኝ ይቀራል፤ በስተ ግራም ምድሩ እየዘቀጠ እየዘቀጠ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ማለዳ ሲሆን ከቆላው የሚነሣው ጉም እንደ ባሕር ተንጣሎ ይታያል። አገሩ በበልግም በክረምትም ዝናብ የሚጠብቅ አገር ነው፤ ዝናቡ ግን የልቡን የሚሠራ ስለ ሆነ ገበሬው አብዝቶ የሚታመነው በማሽላ ነው። በሲሪንቃ ያለው የእርሻ ምርምር ጣቢያም ዝናብ ሲያጥር የሚችል የማሽላ ዘር ሲመረምር የኖረው ስለዚሁ ነው። ማሽላው ሲያሽት ልጆች በማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ይዘው ወፍ ይጠብቃሉ፤ በቢስክሌት የሚያልፈውንም ሰው ከሩቅ አይተው ወፉን ትተው ለእርሱ ይጮኹለታል። ሰዎች መርሳ አባ ጌትዬ እያሉ ወደሚጠሩት ከተማ ሲቃረቡ ነፋሱ ይሞቃል፤ በመስኖ የሚጠጣው የሙዝና የፓፓያ የማንጎም ተክል አረንጓዴነቱ ዓይንን ያሳርፋል።

እኔ በወልድያ በመንግሥት ሥራ ተቀምጬ ሳለሁ ይህን መንገድ ለብዙ ዓመታት በየቅዳሜው በቢስክሌት እሄደው ነበር። እናቴ በመርሳ ስለ ነበሩ ከእርሳቸው ዘንድ አድሬ እሑድ እመለሳለሁ። ይህን ሁሉ ለእናቴ ፍቅር ብቻ አደርገው ነበር ብዬ አልመጻደቅም፤ እናቴን ለማየት ሚኒባስ ነበረልኝ። አባቴ በስኳር በሽታ ምክንያት አንድ እግራቸው ተቈርጦ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቈዩ ዐረፉ፤ እኔም በአርባ አራት ዓመቴ ደሜ ሲመረመር ስኳሬ ከድንበሩ ላይ ቆሞ ተገኘ። ሐኪሙም «መድኃኒቱን ከመጀመራችን በፊት ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ» ቢሉኝ ያን ጊዜ ከአንድ ወዳጄ አሮጌ ቢስክሌት ገዛሁ። ከዚያ በኋላ ስኳሩ ከድንበሩ ወደ ውስጥ ተመልሶ ቈየልኝ። ከዚህ የተነሣ ያ ቢስክሌት በቤታችን ውስጥ ከመድኃኒት ዕቃ እንደ አንዱ ይቈጠር ነበር።

በወልድያ ቢስክሌት እንደ ባሕር ዳር አልበዛም፤ በከተማው የሚርመሰመሰው ባጃጁ ነው። ጐልማሳ ሹም በቢስክሌት ሲሄድ ማየትም ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው። ነገር ግን ቢስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ውድድር መጀመሪያ በተካፈለችበት፥ በ1949 ዓ.ም. በኅዳር ወር በሜልቦርን ከተማ በተደረገው ጨዋታ፥ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባ በቢስክሌት ተወዳድረው በቡድን ዘጠነኛ ወጥተዋል። ስድሳ ዓመት ያህል ቈይቶም በ2008 ዓ.ም. የመቀሌው ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙር ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የሩጫችን ዝና የቢስክሌታችንን ታሪክ ሸፍኖታል እንጂ ታሪኩስ አለ።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። የምጽፈው ስለ 2011 እና ስለ 2012 ዓ.ም. ነው፤ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና ይህንኑ ጐዳና ያደረሰበትን መከራ ሌሎች ጽፈውታል፥ ገናም ይጽፉታል።

ሐምሌ 20 ቀን 2011 ዓ.ም. ቅዳሜ ወደ መርሳ ስወርድ፥ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ከተራራው ጭቃና ጠጠር አውርዶ አስፋልቱን በአንድ ስፍራ ሸፍኖት አገኘሁ። ከቢስክሌቱ ወርጄ እየገፋሁ ልሻገር ብዬ ግራ እግሬን ሳሳርፍ፥ እግሬ ጕልበቱ እንደ ተዘረጋ ወደ ፊት ተንሸራተተ፤ ሰውነቴም በላዩ ተደፋ። በዚያ ጊዜ ከመቀመጫዬ በታች በጭኔ ጀርባ አሮጌ ሸማ ሲተረተር የሚሰማውን የመሰለ ነገር ተሰማኝ። ሕመሙ እንደ ፈራሁት አልነበረም፤ ተነሥቼ መቆም ቻልሁ፤ ጐንበስ ስል ግን እንደ ቢላዋ ወጋኝ። አንድ የአይሱዙ ነጂ ቢስክሌቱን ከእህሉ ጆንያ በላይ ጭኖ እኔን ከአጠገቡ አስቀምጦ ወደ ወልድያ መለሰኝ። ዋጋውንም ልስጥህ ብለው «አብሽር ጋሼ፥ ለእግርዎ መታከሚያ ይሁንዎ» አለኝ።

በዚህ ስፍራ ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ይገባል። አባቶቻችን ይህን የሰውነት ክፍል ቋንጃ ይሉታል። ፈረስ ወይም በሬ ቋንጃው ከተቈረጠ ሌላው አካሉ ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ከቆመበት አይነቃነቅም፤ በኢያሱ መጽሐፍም ስለ ጠላት ፈረሶች ቋንጃ መቈረጥ የተጻፈውን የሚያነብ ሰው የዚህን ጅማት ክብር ያውቃል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ግን በጕልበት ጀርባ በእጅ ሲዳሰስ የሚገኘው ጅማት መጨረሻው ብቻ ነው። መጀመሪያው ስንቀመጥ ከሚያርፈው የመቀመጫ አጥንት ነው፤ ከዚያም ተነሥተው ሦስት ረዣዥም ጡንቾች በጭኑ ጀርባ ይወርዱና ከጕልበት በታች ይተከላሉ። ስለዚህ በሁለት ማጠፊያዎች ላይ ያልፋሉ፤ ዳሌን ወደ ኋላ ይዘረጋሉ፥ ጕልበትንም ያጥፋሉ። ዳሌ ሲታጠፍና ጕልበት ሲዘረጋ በአንድ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ይሳባሉ፤ እኔም በጭቃው ላይ ያገኘኝ ይኸው ነው። በቢስክሌት ላይ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ ክብደቱን ሁሉ የሚያሳርፈው በዚያው አጥንት ላይ ስለ ሆነ፥ ከላይ በኩል ለተጐዳ ቋንጃ መቀመጡ ራሱ ሥራ ይሆንበታል።

ወደ ሐኪም የሄድሁት በዚያው ቀን ነው። ሐኪሙም በሆዴ አስተኝተው ተረከዜን በእጃቸው ይዘው ጕልበቴን አጥፍ አሉኝ፤ በጣታቸውም ከመቀመጫ አጥንቴ ጀምረው እየዳሰሱ ጅማቱ ከሥሩ ተነቅሎ እንደ ሆነ መረመሩ። ፈጽሞ የተነቀለ ጅማት ባዶ ስፍራ ትቶ በእጅ እንደሚታወቅ፥ ሰውየውም ለመራመድ እንደሚያቅተው፥ እንዲህ ያለውም ጕዳት ቶሎ ወደ ቀዶ ጥገና ሐኪም መድረስ እንዳለበት ነገሩኝ። የእኔ ግን በከፊል የተቀደደ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጕዳቱ ከላይ ሆኖ ሳለ ጥቁርና ሰማያዊ ደም ከጕልበቴ ጀርባ ወርዶ ታየ፤ ቤተ ሰቤም እጅግ ደነገጡ። ይህ ግን የፈሰሰው ደም በክብደቱ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው እንጂ አዲስ ጕዳት ስለ ሆነ አይደለም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሐኪሙ በመጨረሻ የነገሩኝ ነው። እንደ ሯጭ በፍጥነት ላይ ሳለ የተቀደደ ቋንጃ በመጀመሪያው ቀን አብዝቶ ያማል፥ ነገር ግን ቶሎ ይድናል፤ በመንሸራተት ተለጥጦ የተቀደደው ግን በመጀመሪያ ቀላል ይመስላል፥ ዘመኑ ግን ይረዝማል አሉኝ። ኋላም አንብቤ እንደ ተረዳሁት፥ ካርል አስክሊንግ የተባሉ የስዊድን ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2007 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጡት ጥናት፥ በሩጫ የተጐዱት ወደ ቀድሞ ደረጃቸው ለመመለስ በመካከለኛው ግምት 16 ሳምንት ሲፈጅባቸው፥ እግራቸውን ሲዘረጉ የተጐዱት የውዝዋዜ ባለሙያዎች ግን 50 ሳምንት ፈጅቶባቸዋል። ሃምሳ ሳምንት! በዚህ ዘመን ውስጥ ስኳሬ የት ይደርሳል እያልሁ ሌሊቱን ሳሰላስል አደርሁ።

የባለቤቴ እናት በማግሥቱ መጡ። ተቀምጠውም ሳይጨርሱ «ልጄ፥ ይህ በመርፌና በኪኒን የሚድን አይደለም፤ ወጌሻ ይጠራና ይታሽልህ» አሉ። በአገራችን የተቀጨም የተሰበረም ሁሉ ወደ ወጌሻ መሄዱ ጥንታዊ ልማድ ስለ ሆነ፥ እንቢ ማለት እርሳቸውን ማዋረድ ይመስል ነበር። ስለዚህ ባለቤቴ ሰው ልካ አንድ የታወቁ ሽማግሌ አስመጣች። ሽማግሌው ቅቤውን ካጠገባቸው አስቀምጠው በሁለት ጣት ብቻ ጭኔን ዳበሱ፤ ስፍራው የሞቀና ያበጠ መሆኑንም ባወቁ ጊዜ እጃቸውን መለሱ። «አጥንት ቢሆን እመልሰው ነበር፤ ይህ ሥጋ ነው። የተቀደደ ሥጋ ትኵሱን አይታሽም፥ ደሙ ይብስበታል፤ አንቱ ዝም ብለው ይረፉ» ብለው ቅቤያቸውን ይዘው ተነሡ። ገንዘብም ቢሰጣቸው ያልሠራሁበትን አልቀበልም አሉ።

ስለዚህ ነገር ሐሳቤን ልግለጽ። ወጌሻ ሁሉ እንደዚህ ሽማግሌ አይደለም። በትኵሱ የተቀደደ ጡንቻን በኀይል ማሸት ደሙን እንደሚያበዛና አንዳንድ ጊዜም በጡንቻው ውስጥ አጥንት መሰል ነገር እንዲበቅል እንደሚያደርግ የዛሬ ሕክምና ያስተምራል። ይህን ሽማግሌ ማንም በትምህርት ቤት አላስተማራቸውም፤ እጃቸው አስተማራቸው። በየቤቱ ግን እጁ ያልተማረ አሻሽ ሞልቷልና፥ ቤተ ሰብ የሚወደውን ሰው ለሚያሽ ሁሉ አሳልፎ እንዳይሰጥ መጠንቀቅ ይገባዋል።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት በዕረፍት አለፉ። ዕረፍት ማለት ግን እንደ ግንድ መጋደም አይደለም፤ በምርኵዝ ተደግፌ በቤት ውስጥ እንድራመድ ታዝዤ ነበር። በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለሩብ ሰዓት ያህል ይቀመጥልኛል፤ ይህም ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ መዳኑን ያፋጥናል ተብሎ አልተረጋገጠም። ከዚያም የፍልሰታ ጾም ገባ። ሐኪሙ ጡንቻ የሚጠገነው በምግብ ነውና ከጾሙም ጋር ቢሆን ባቄላውን፥ ምስሩንና ሽምብራውን አብዝተው ይብሉ ብለውኝ ስለ ነበረ ሽሮው ያለ መጠን በዛብኝ። ነሐሴ 5 ቀን የዐረፋ በዓል ሆነ። የእስላም ጎረቤቶቻችን ለበዓሉ ያረዱትን ሥጋ እንደ ወትሮው ሊያካፍሉን አስበው፥ ጾም ላይ መሆናችንን ስለሚያውቁ በሥጋው ፈንታ አንድ ሰሐን ቴምርና ትኵስ ዳቦ ላኩልን። የቤቱም እመቤት ራሳቸው መጥተው በቡናው ሰዓት «አብሽር፥ ክፉውን ያርቅልህ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። በቡሄ ዕለት የሠፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ሲመጡ ግን በአልጋ ሳይሆን በደጅ በወንበር ላይ ተቀምጬ ሙልሙሉን ያደልሁ እኔው ነበርሁ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለሚያነብ ሰው አሰልቺ ነው፤ ለሚሠራው ሰው ደግሞ ይበልጥ አሰልቺ ነው፤ የሚያድነው ግን ይኸው ነው። በጀርባዬ ተኝቼ ተረከዞቼን በምንጣፉ ላይ ተክዬ ወገቤን ወደ ላይ አነሣለሁ፤ በመጀመሪያ በሁለት እግር፥ ከሳምንታት በኋላም በታመመው እግር ብቻ። ቆሜ ጀርባዬን ሳላጐብጥ ከዳሌዬ እታጠፋለሁ፤ ጭኑ መሳብ ሲጀምር አቆማለሁ። በየቀኑም ከምሳና ከራት በኋላ ስለ ስኳሩ ሩብ ሰዓት እራመዳለሁ። ጡንቻው ሲረዝም እንዲጠነክር የሚያደርገው ሥራ ከሌላው ይልቅ ጠቃሚ መሆኑን ከዚሁ ከአስክሊንግ ሌላ ጥናት አንብቤአለሁ፤ በ2013 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በወጣው በዚህ ጥናት፥ እንዲህ ባለው ሥራ የታከሙት የእግር ኳስ ተጫዋቾች በአማካይ በ28 ቀን ሲመለሱ፥ በቀድሞው ልማድ የታከሙት በ51 ቀን ተመልሰዋል። እኔ የእግር ኳስ ተጫዋች አይደለሁም፥ ዕድሜዬም ከእነርሱ እጥፍ ነበረ፤ ልዩነቱ ግን ልብ የሚያነሣሣ ነው።

በመጨረሻው ወራት የተጨመረልኝ ሥራ ቤቱን ሁሉ አሳቀ። ሰውየው በጕልበቱ ይንበረከካል፤ ሌላ ሰው ቍርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይይዝለታል፤ እርሱም ሰውነቱን እንደ ሳንቃ አቅንቶ በዝግታ ወደ ፊት ይወድቃል፥ ውድቀቱንም በቋንጃው ይገታል። በዴንማርክ አገር 942 ተጫዋቾች በተካፈሉበት ጥናት ይህ ሥራ የቋንጃን ጕዳት በብዙ እንደ ቀነሰ በ2011 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ታትሟል። የእኔን ቍርጭምጭሚት የምትይዘው የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጄ ነበረች፤ በላዩ ተቀምጣ የትምህርት ቤት መጽሐፏን እያነበበች «አባባ፥ ቀስ!» ትለኛለች። አያቷም ከማዕዘን ሆነው ስግደት የሚመስላቸውን ይህን ሥራ አይተው «ለየትኛው ታቦት ነው?» ብለው ጠየቁ።

በአምስተኛው ሳምንት ሐኪሙ ቢስክሌቱን ፈቀዱልኝ፤ ይህን ያህል ቶሎ ይፈቅዳሉ ብዬ አላሰብሁም ነበር። ምክንያቱን ሲገልጹልኝ፥ ሯጭ በየርምጃው እግሩን አርቆ ዘርግቶ መሬቱን ሲረግጥ ቋንጃው ተለጥጦ ሳለ ድንገተኛ ሸክም ይቀበላል፤ በፔዳል ላይ ግን እግሩ በክብ ይዞራል እንጂ አይመታም፥ ጡንቻውም አብዝቶ አይለጠጥም አሉኝ። ነገር ግን ሁለት ነገር አዘዙ። መቀመጫው ከፍ ካለ ፔዳሉ ከታች ሲደርስ ጕልበት አብዝቶ ስለሚዘረጋ በአንድ ጣት ውፍረት ይውረድ፤ መሪውም ወገብ ብዙ እንዳይታጠፍ ከፍ ይበል። ስለዚህ የኋላውን ጎማ በሁለት የእንጨት መቆሚያ መካከል ከመሬት አንሥቼ በግቢዬ ውስጥ በቀላል ማርሽ አሥር ደቂቃ፥ ከዚያም ሃያ ደቂቃ መንዳት ጀመርሁ። የጎረቤት ልጆች በአጥሩ ላይ ተንጠልጥለው «ጋሼ፥ መርሳ ደረሱ?» እያሉ ይጠይቁኛል።

የ2011 ዓመት ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ ጳጉሜን 6 ቀን ሆነች፤ ሳምንት ለሚቈጥር በሽተኛ አንድ ቀንም ትከብዳለች። በአዲሱ ዓመት በመስከረም ወር ደሜ ሲመረመር ስኳሩ እንደ ፈራሁት ከፍ ብሎ ተገኘ፤ መድኃኒት የሚያስጀምር ግን አልነበረም። ሐኪሙም እስከ ኅዳር መጨረሻ ቀጠሮ ሰጡኝ። በዚሁ ሰሞን አንድ ዘመዴ መጥቶ ቢስክሌቱን በደኅና ዋጋ የሚገዛ ሰው እንዳገኘልኝ ነገረኝ፤ «በዚህ ዕድሜ ጨዋታው ይበቃል» አለ። ቡና ታፈላ የነበረችው ባለቤቴ ለዘመዴ የሰጠችው መልስ አጭር ነበር፤ «ቢስክሌቱን የምትወስደው እንደ ሆነ የአባቱን ምርኵዝ ከቆጡ አውርድና ስጠው።» በቤታችን ስለ ሽያጩ ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረም።

ከመስቀል በኋላ በከተማው ሜዳማ ሜዳማውን መንዳት ጀመርሁ። በጥር ወር 2009 ዓ.ም. በተመረቀው በሼህ መሐመድ አል አሙዲ ስታዲየም አካባቢ ማለዳ መኪና ሳይበዛ እዞራለሁ፤ ወጣቶች ለሩጫ ሲወጡ እነርሱ አልፈውኝ ይሄዳሉ፤ እኔም ለማለፍ አልሞክርም። ሕመሙን የምለካበት ደንብ ነበረኝ፤ በማግሥቱ ጠዋት ጫማዬን ለማሰር ጐንበስ ስል ጭኔ ካልተቈጣ የትናንቱ መንገድ ይደገማል፤ ከተቈጣ ይቀነሳል። በጥቅምት አጋማሽ ወደ ሲሪንቃ ወርጄ ተመለስሁ። ሲመለሱ ባለው ዐቀበት ላይ ከመቀመጫ ተነሥቶ በቁመት መንዳት እንደ ጥንቱ የልብ ፍላጎት ነው፤ ነገር ግን ቋንጃን አብዝቶ ይጭናል ስለ ተባለ ካቴናውን በትልቁ የኋላ ጥርስ ላይ አድርጌ ተቀምጬ እንደ ዔሊ ወጣሁ። አንድ አህያ የሚነዳ ባላገር ለረዥም ጊዜ ከጎኔ እኩል እየተራመደ የጤፉን ሁኔታ አጫወተኝ።

ከጕዳቱ በኋላ 16ኛው ሳምንት በሞላበት በኅዳር 6 ቀን 2012 ዓ.ም. ቅዳሜ፥ የቁስቋም ዕለት፥ ወደ መርሳ ወረድሁ። አየሩ ጠርቶ ነበር፤ ማሽላው በየስፍራው እየታጨደ ነበር፤ ጭቃው የነበረበትም ስፍራ አስፋልቱ ደርቆ አንዲት የጠጠር ምልክት እንኳ አልቀረበትም። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆመው የቢስክሌቱን ደወል በሰሙ ጊዜ መጀመሪያ ያዩት ፊቴን አልነበረም፥ እግሬን ነበር። «እስቲ ተራመድ» አሉኝ፤ ተራመድሁ። «እስቲ ተመለስ» አሉኝ፤ ተመለስሁ። ከዚያ በኋላ ሳሙኝ።

መሄዱ ቁልቁለት ነውና ነገሩ የሚፈተነው በመመለሱ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፀሐይ ሳይበረታ ተነሣሁ። ወትሮ ሁለት ሰዓት የሚፈጅብኝን መንገድ ሦስት ሰዓት ተኩል ሄድሁበት፤ በየስምንት ኪሎሜትሩ ያህል እየወረድሁ ሩብ ሰዓት በእግሬ እራመዳለሁ፥ መቀመጫው የተጐዳውን ስፍራ ማቃጠል ሲጀምር ይህ ብቻ ነው የሚያሳርፈው። ከሲሪንቃ በላይ ባለው ዐቀበት ጭኔ ሳበኝ፤ ወርጄ እስኪለቀኝ ድረስ ቢስክሌቱን ገፋሁ። ሐኪሙ እንዳስጠነቀቁትም ሙሉ ጤና በዚያን ቀን አልመጣም፤ በጠንካራ ወንበር ላይ ብዙ ሰዓት ስቀመጥ ያ ስፍራ እስከ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ድረስ ያሳስበኝ ነበር። በኅዳር መጨረሻ ግን ደሜ ተመርምሮ ስኳሩ ወደ ድንበሩ ዝቅ ማለት መጀመሩ ታወቀ፤ መድኃኒቱም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

በዚያ እሑድ ወልድያ ስገባ እኩለ ቀን አልፎ ነበር። እናቴ ከቢስክሌቱ የኋላ መጫኛ ላይ ያሰሩልኝን ሙዝ ሴት ልጄ ተቀብላ ቈጠረች፤ አያቷ በስልክ ሃያ ብለዋት ስለ ነበረ ሁለት እንደ ጐደለ ወዲያው አወቀች። አንዱን እኔ በሲሪንቃ ዛፍ ጥላ ሥር እንደ በላሁት፥ ሁለተኛውን ደግሞ ከማማው ላይ ሆኖ «በርታ!» ያለኝ ወፍ ጠባቂ ልጅ እንደ ወሰደው ነገርኋት። «እኔ ስወርድ ለእርሱ ሁለት እሰጠዋለሁ» ብላ ሙዙን ወደ ጓዳ አስገባችው፤ ከዚያም ወጥታ የቢስክሌቱ መቀመጫ ለእርሷ ቁመት እንዲሆን ምን ያህል መውረድ እንዳለበት በጣቷ ትለካ ጀመር።